የአራተኛው ኩሬ ጥላ

የሰደበው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከረፋዱ አራት ከሃያ፣ ቦታው አራተኛው ኩሬ ዳር፣ መቅዘፊያው አጠገብ። በዙሪያው ሰባት ሰው ቆሞ ነበር፦ ሦስት ኩሬ ተንከባካቢዎች፣ ሁለት ጭነት አውራጆች፣ ጨማቂዋ እትዬ፣ ሰባተኛው ደግሞ ቧንቧ ሊጠግን የመጣ የማይታወቅ ሰው። ሌላው ይቅር፤ በዚያ በማይታወቅ ሰው ፊት መሰደቡ ነው አንጀቱን የበላው።

«የአንተ ሥራ መረብ መጎተት ነው» አለው ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ማሰቡን ለተማረ ሰው ተውለት።»

ቧንቧ ጠጋኙ ሳቀ። ሁለቴ በአፍንጫው፣ አንዴ በአፉ።

የተሰደበውን ሰው እርሻው ውስጥ ሁሉም «ባለአራት» ይለዋል፤ አራተኛው ኩሬ ውሃ ከገባበት ቀን ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በእሱ እጅ ነውና። ባለአራት የተሰደበውን አይረሳም። አምስተኛ ክፍል ሳለ «አንተ የተመዘገብከው ወንበር ለመሙላት ነው» ያለውን መምህር ከነኮቱ ቁልፍ ቀለም ያስታውሰዋል። ፊርማውን አይቶ «ይሄ ፊርማ ነው ወይስ ዶሮ የጫረችው?» ያለውን ጸሐፊ መንገድ ላይ ባየው ቁጥር ማዶ ይሻገራል፤ ፈርቶ ሳይሆን እጁን ስለማያምነው ነው። ትምህርቱን ሰባተኛ ክፍል ላይ ጥሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የሰው ፊት ሲያነብ ኖረ፤ በዚህ በኩል ማንም አይበልጠውም።

ከሚስቱ ወንድም የመጣው ቁስል ግን የተለየ ነበር። ይህ እርሻው ውስጥ «ባለሙያው» የሚባል፣ እህቱ ግን ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶትም «ማሙሽ» የምትለው ሰው በባለአራት ቤት ሰባት ዓመት ኖሯል። የፊት ለፊቱን ክፍል ለእሱ ለቀው ባልና ሚስት ከኋላ ካለችው ጠባብ ክፍል ከዕቃው ጋር ተጣበው አድረዋል። እሱ ለፈተና ሲያጠና ሬዲዮ አይከፈትም፤ ባለአራት ሳል ቢይዘው እንኳ ውጭ ወጥቶ ነበር የሚስለው። ልጁ ተምሮ፣ ነጭ ካፖርት ለብሶ የእርሻው ባለሙያ ሆኖ ሲመጣ ከማንም በላይ ደስ ያለው ባለአራት ነው። ደስታው የቆየው እስከ መጀመሪያው የቅዳሜ ምሳ ነበር። ምሳ የተጋበዘች ጎረቤት ሚስቱን «ለመሆኑ ባለቤትሽ ምን ይሠራል?» ብላ ብትጠይቅ ማሙሽ ቀድሞ «ሻጋታ ያረባል» አለ። ሴትየዋ እውነት መስሏት ሳህኗን ገፋ አደረገች።

ሻጋታ አይደለም። አልጌ ነው፤ ለብቻው በዓይን የማይታይ፣ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት የተጠማዘዘ ክር የሚመስል፣ ሶዳ በተቀላቀለበት ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ የሚረባ አረንጓዴ ነገር። እርሻው አራት ረዣዥም ኩሬዎች አሉት፤ ጥልቀታቸው ከጉልበት አያልፍም። በላያቸው ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ጣሪያ አለ፤ ከጣሪያው ሥር ደግሞ በገመድ የሚሳብ ጥቁር የጥላ መረብ። መቅዘፊያዎቹ ውሃውን ያለማቋረጥ ያዞሩታል። ጠዋት ጠዋት ከየኩሬው ውሃ ተቀድቶ በጨርቅ ይጠለላል፤ ጨርቁ ላይ የሚቀረው አረንጓዴ ሊጥ ይጨመቃል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል። ዱቄቱን የሚወስደው የሕፃናት ምግብ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፕሮቲን። ከመቶው ስድሳው ፕሮቲን ካልሆነ ጆንያውን በመጣበት መኪና ይመልሰዋል።

ባለአራት መረቡን ዝም ብሎ አይስብም። በዘንግ ጫፍ ላይ ያሰራት ነጭ የብረት ክዳን አለችው፤ እሷን ውሃው ውስጥ ይሰዳታል። ሦስት ጣት ሳትወርድ ከጠፋች ውሃው ወፍሯል፤ አልጌው አንዱ ለአንዱ ጥላ ሆኗል ማለት ነውና መረቡን ይከፍትለታል። ስንዝር ወርዳም ከታየች ውሃው ስስ ነው፤ ብርሃኑ እስከ ታች እየዘለቀ ነውና ይሸፍነዋል። በደህናው ቀን ማለዳ ከፍቶ፣ ፀሐይ ስትበረታ ከአራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጋርዶ፣ አመሻሹ ላይ መልሶ ይከፍታል። ይህን ማንም አላስተማረውም። አሥራ አንድ ዓመት ነው ያስተማረው።

በዚያ ማክሰኞ ባለሙያው ሠራተኞቹን ሰብስቦ «ከዛሬ ጀምሮ መረብ የሚባል ነገር አልይ» አለ። «ብርሃን በነፃ እየወረደልን እኛ እንጋርዳለን? ብርሃን ሲጨምር እድገት ይጨምራል። ይሄ አንደኛ ዓመት ላይ የተማርነው ነው።»

«ማደጉንስ ያድጋል» አለ ባለአራት። «ምን ሆኖ እንደሚያድግ ነው ጥያቄው። አምና መረቡ ተቀዶ አሥር ቀን ፀሐይ ሲመታው ሊጡ ቢጫ ቢጫ አለ፤ እጅ ላይ ይለጠፍ ጀመር። ጨርቁን ሳጥበው የሚወጣው ሰማያዊ ውሃም ጠፋ። ብርሃን ሲያንሰው ነው ሰማያዊውን የሚያበዛው፤ ሲትረፈረፍለት ይሰንፋል።»

ሦስቱ ተንከባካቢዎች ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ባለሙያውን ያበገነው ይሄ ይመስላል። ስለ መረብ መጎተት የተናገረውን የተናገረው ያኔ ነው።

ጩኸቱን ሰምታ ሥራ አስኪያጇ መጣች። ቀጭን፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። ሁለቱንም አዳመጠች።

«ሁለት ሳምንት» አለች በመጨረሻ። «ሦስቱ ኩሬዎች ያለ መረብ፣ አራተኛው እንደ ድሮው። ከዚያ እናያለን።»

«እሺ፤ ግን ከተሸነፈ?» አለ ባለሙያው። «ከተሸነፈ ከኩሬ ይውጣልኝ። መጋዘን ገብቶ ጆንያ ላይ ወረቀት ይለጥፍ። እዚህ እኔን የሚከራከር ሰው አልፈልግም።»

ሥራ አስኪያጇ ወደ ባለአራት ዞረች። «ይስማማሉ?»

ባለአራት ኩሬውን አየው። በዕድሜው «አታውቅም» ያልተባለበት ቦታ ቢኖር ይህ ስልሳ እርምጃ ርዝመት ያለው ውሃ ብቻ ነው። ይህን ከተቀማ ሌላ ምንም የለውም።

«ይሁን» አለ።

በመጀመሪያው ሳምንት መሳቂያ ሆነ። ከየኩሬው የተጨመቀው ሊጥ በየጠዋቱ ይመዘንና ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። አንደኛ ኩሬ ሠላሳ ስምንት ኪሎ፣ ሁለተኛ አርባ፣ ሦስተኛ ሠላሳ ዘጠኝ፤ አራተኛ ሠላሳ አንድ። በማግሥቱም ያው፣ በሣልስቱም ያው። ባለሙያው ቁጥሩን የሚጽፈው በራሱ እጅ ነበር፤ የአራተኛውን ሲጽፍ ጠመኔውን ያስጮኸዋል። ማክሰኞ ዕለት ራሳቸውን የነቀነቁለት ሦስቱ ተንከባካቢዎች አሁን እሱን ሲያዩ ዘወር ይላሉ። አንደኛው ጭራሽ «ባለአራት፣ ሙጫ ልግዛልህ እንዴ? መጋዘኑ ያለው ደርቋል አሉ» አለው።

«ሁለት ግዛ» አለ ባለአራት። «አንዱን ለአፍህ።»

ቤት ሲገባ ሚስቱ አየት አደረገችው።

«ምን ሆነሃል አንተ? ፊትህ ሊዘንብ ነው።»

«ምንም።»

«ማሙሽ ነው አይደል? ደግሞ ምን አለህ?»

«ወንድምሽ ምን ይለኛል፤ የተማረ ሰው።»

«አንተ ደግሞ ቂም ስትቋጥር የሚስተካከልህ የለም። ልጅ ነው፣ ተወው።»

«ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው።»

«ለኔ ልጅ ነው።»

«ለኔ ደግሞ አለቃዬ ነው። መከራው እዚህ ላይ ነው።»

ሳቀች። እሱም ሊስቅ ምንም አልቀረው፤ ግን ያዝ አደረገው። እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«መጋዘን ያስገቡሃል እያሉ ነው። እውነት?»

«ከተሸነፍኩ።»

«ትሸነፋለህ?»

«አልሸነፍም። ሊጡን በእጄ ነክቼዋለሁ።»

ይህን ሲል አልዋሸም። ሰሌዳው የሚለውን እያየ እንኳ አልተጠራጠረም። የሁለተኛው ኩሬ ሊጥ ጣቱ ላይ የተለጠፈበት አኳኋን፣ የቀለሙ መወየብ፣ ሽታው፤ ሁሉም አንድ ነገር ይነግሩታል። ያጣው፣ የሚያውቀውን ሌላ ሰው የሚያይበት መንገድ ነው።

መንገዱን ያሳየችው ጨማቂዋ እትዬ ናት። ዘጠነኛው ቀን ላይ ከመጭመቂያው ክፍል ጮኸች።

«አንተ ባለአራት! እስቲ ና እዚህ! ይሄ የሁለተኛው ኩሬ ሊጥ ነው ወይስ ንፍጥ? ክንዴ ተገነጠለ እኮ!»

ገባ። እትዬ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ ጨርቁን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ከጨርቁ ጫፍ የሚወርደው ውሃ እንደ ማር ይጎተታል።

«የአንተውን ስጠልል ሻዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ ውሃው ወርዶ ያልቃል። ይሄኛው ግን ሻዬን ጠጥቼ፣ ብርጭቆዬን አጥቤ፣ ከሰው ተጣልቼ፣ ታርቄ ስመለስ ገና ይንጠባጠባል። ብጨምቀውም አይለቅም። ተውኩት እንግዲህ፤ እንዳለ ነው ሚዛን ላይ የማወጣው።»

«እንዳለ ማለት?»

«ከነውሃው ነዋ!»

ባለአራት የጨርቁን ጫፍ እንደያዘ ቀረ። እጁ ላይ ያለው ሊጥ ይንሸራተታል፤ ያዘለውን ውሃ አልሰጥም ብሏል። እንዲያ እንዳለ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ሰሌዳው ላይም ይጻፋል። ከዚያ የአራቱም ኩሬ ሊጥ አንድ ማድረቂያ ውስጥ ተደባልቆ ይገባል፤ ዱቄቱ የሚመዘነው በወሩ መጨረሻ ጆንያ ሲሞላ ነው። ከየትኛው ኩሬ ምን ያህል ዱቄት እንደወጣ የሚያውቅ ሰው የለም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም እንዲህ ብሎ አስቦ አያውቅም፤ እሱ ራሱም ጭምር። ለዚህኛው ራሱን ሰደበ።

«እትዬ» አለ፣ «ሰሌዳው ላይ ስንጽፍ የከረምነው እኮ ውሃ ነው።»

ከአራተኛው ኩሬ አንድ ኪሎ ሊጥ፣ ከሁለተኛውም አንድ ኪሎ መዝነው በሁለት ትሪ ላይ አስተካክለው ጠፈጠፉ፤ ማድረቂያው ጥግ ላይ ጎን ለጎን አስገቡ። እስኪደርቅ ድረስ ባለአራት ሁለቱን ጨርቆች በሁለት ባልዲ አጠበ። ከአራተኛው ጨርቅ የወጣው ውሃ እንደ ቀለም ሰማያዊ ሆነ። ከሁለተኛው የወጣው የጎመን ቅቅል ውሃ ይመስላል።

ደርቆ ሲወጣ መዘኑት። የአራተኛው ሁለት መቶ ግራም። የሁለተኛው መቶ ሃምሳ።

«ኧረ ጉድ!» አለች እትዬ። «ውሃ ነው ስንሸከም የከረምነው!»

ባለአራት ካርቶን ቀዶ በእርሳስ ማባዛት ጀመረ። ሁለተኛው ኩሬ፣ አርባ ኪሎ ሊጥ፤ ደርቆ ስድስት ኪሎ። አራተኛው፣ ሠላሳ አንድ ኪሎ ሊጥ፤ ደርቆ ስድስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም። ስላላመነው ሦስት ጊዜ አባዛው። ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ማባዛት አያቅተውም።

ካርቶኑንና ትሪዎቹን ይዞ መጀመሪያ የሄደው ወደ ሚስቱ ወንድም ነው። ይህን ለምን እንዳደረገ ኋላ ላይ ራሱም ይገርመው ነበር። ምናልባት የሰባቱ ዓመት ነገር ይሆናል፤ ምናልባትም ያንን ፊት ከሁሉ ቀድሞ ማየት ፈልጎ።

ባለሙያው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ማድረቂያውን እንድትነካ ማን ፈቀደልህ?» አለው።

«ቁጥሩን ብቻ እይልኝ።»

«ትሪ ላይ የጠፈጠፍከው ነገር ማስረጃ አይሆንም። ሰሌዳው እዚያ አለ።»

«ሰሌዳው ላይ ያለው ውሃ ነው። ፀሐይ የመታው ሊጥ ንፍጥ ይሠራል፤ ንፍጡ ውሃ ይይዛል። ሰማያዊውም ቀንሷል። ባልዲውን ና እይ፣ አጠገብህ ነው።»

«ስማ፤ አምስት ቀን ነው የቀረህ። በሰላም ጨርስ፣ በሰላም መጋዘን ግባ። እህቴን ነው የማስበው እንጂ አንተን እስከ ዛሬም አልታገስም ነበር።»

ባለአራት ትሪዎቹን አነሣ። ከዚያ ክፍል ወጥቶ፣ ጭቃ የያዘ ቦቲውን ሳያወልቅ፣ በንጹሑ ኮሪደር አልፎ የሥራ አስኪያጇን በር አንኳኳ። ወለሉ ላይ አሥራ ዘጠኝ አረንጓዴ እርምጃ ታተመ።

ሥራ አስኪያጇ ካርቶኑን አገላብጣ አየችው።

«ይህን ማን አሰላው?»

«እኔ።»

ማስያዋን አውጥታ ነካካች። ቆየች። እንደገና ነካካች። ያው ነው። ከዚያ የደረቀውን ቅጠል መሳይ ነገር በጣቷ ሰብራ አንዱን ከአንዱ አስተያየች፤ አንዱ ጥቁር ሊመስል ጥቂት የቀረው አረንጓዴ ነው፣ ሌላው የወየበ።

«ከአራቱም ኩሬ ለየብቻ ያድርቁልኝ» አለች። «ለላቦራቶሪ እልከዋለሁ። ውጤቱ እስኪመጣ ማንም ሰው ማንንም ወደ የትም አያዛውር።»

ውጤቱ አምስት ቀን ፈጀ። በእነዚያ አምስት ቀናት ባለአራት እንቅልፉን ጠግቦ ተኛ። ማለዳ ገመዱን ይፈታል፣ ክዳኗን ውሃው ውስጥ ይሰዳል፣ አራት ሰዓት ላይ ይጋርዳል። ሚስቱ «እንዴት ነው ልብህ እንዲህ የረጋው?» ስትለው «ላቦራቶሪው ነው የሚፈተነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አላት።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ሥራ አስኪያጇ ሁሉንም መጭመቂያው ክፍል ሰበሰበች። ወረቀቱን ቆማ አነበበችው። ፕሮቲን፣ አንደኛ ኩሬ ከመቶ ሃምሳ ሦስት፤ ሁለተኛ ሃምሳ አንድ፤ ሦስተኛ ሃምሳ ሁለት።

«አራተኛ፣ ስድሳ አራት።»

መረባቸው የተነሣባቸው ሦስቱ ኩሬዎች ስኳራቸው ከአራተኛው እጥፍ ሆኗል፤ ሰማያዊው ቀለማቸው በግማሽ ወርዷል። የእነሱ ዱቄት ብቻውን ጆንያ ቢገባ ፋብሪካው አንዱንም አይቀበልም ነበር።

ባለሙያው ጉሮሮውን ጠረገና ሁሉም ሲጠብቀው የነበረ ይመስል ማስረዳት ጀመረ።

«ነገሩ ግልጽ ነው። ሰማያዊው ቀለም ራሱ ፕሮቲን ነው። ሥራው ብርሃን መያዝ ነው፤ ብርሃን ሲያንስ አልጌው ያበዛዋል፣ ብርሃን ሲበዛ ግን አያስፈልገውምና ይቀንሰዋል። የተረፈውን ጉልበት ወደ ስኳር ይለውጠዋል፤ ከስኳሩም ከፊሉ በንፍጥ መልክ ወደ ውጭ ይወጣል። ይሄ የታወቀ ነው። አራተኛውን ኩሬ ለማነጻጸሪያ የተውነውም ለዚሁ ነው።»

«የተውነው?» አለች እትዬ። «ማነው የተወው የኔ ልጅ? ይህን ሁሉ ታውቅ ከነበረ መረቡን ያስወለቅከው ለምንድን ነው፣ እኔን ክንዴን ልትነቅልልኝ?»

ሳቁ ፈነዳ። ሙጫ ልግዛልህ ያለው ተንከባካቢ ከሁሉ በላይ ሳቀ። ባለአራት አልሳቀም፤ የእያንዳንዱን ሰው ሳቅ እያየ ነበር፣ ማን ከልቡ እንደሆነ፣ ማን ነፋሱን አይቶ እንደሆነ።

ሥራ አስኪያጇ እጇን አነሣች። «መረቦቹ ዛሬውኑ ይመለሱ። ከነገ ጀምሮ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ደርቆ የተመዘነ ብቻ ነው። የአራቱም ኩሬ መረብ መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው» አለች፤ በአገጯም ወደ ባለአራት አመለከተች። «የሚከራከር ካለ ቁጥር ይዞ ይምጣ።»

ኩሬውን አልተቀማም። ይልቁንም ሦስት ተጨመሩለት። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ፤ ፊቱ ላይ ግን ምንም አላሳየም። ሦስቱን ተንከባካቢዎች ጠራና ማን ከየት እንደሚጀምር ነገራቸው፤ ውሃው ቀለሙን አጥቶ አሁን ስስ ስለሆነ ሁለተኛው ኩሬ ለሦስት ቀን ከጠዋት ጀምሮ እንዲጋረድ፣ ከዚያ በኋላ ግን በየማለዳው እንዲከፈትለት። አንዱም አልተከራከረውም። አንደኛው እንዲያውም ደብተር አወጣ።

ወደ ሁለተኛው ኩሬ ሲያመራ ከኋላው የፈጣን ሰው ኮቴ ሰማ። የሚስቱ ወንድም ነው። ነጭ ካፖርቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ጥሎታል። ዙሪያውን አየ፤ ማንም አለመኖሩን ሲያረጋግጥ ድምፁን አለሰለሰ።

«እኔና አንተ መቼም ቤተሰብ ነን» አለ። «እህቴም ብትሆን ይሄ ነገር ባይደርሳት ጥሩ ነው። እንዲያው ስህተት ቢኖርም የሁለታችንም ነው።»

ባለአራት ቆሞ ዞረ።

«እውነቴን ነው። እስቲ አሁን ንገረኝ» አለ ልጁ፣ በእርግጥም መልሱን የሚፈልግ ሰው ፊት ይዞ። «ያኔ መጀመሪያውኑ ለምን በሥርዓቱ አላስረዳኸኝም?»

ባለአራት አፉን ከፈተ። ማክሰኞው፣ ሰባቱ ሰዎች፣ ትሪዎቹ፣ ባልዲው፣ ሁሉም ምላሱ ጫፍ ላይ ተሰልፈው ቆሙ። የልጁን ፊት አንብቦ ጨረሰ፤ የፈለገው ማስመሰል እዚያ ውስጥ አልነበረም፤ ሰውየው የጠየቀው ከልቡ ነው፣ አያስታውስም። መልስ ቢሰጠው እሱንም እንደዚያው ይረሳዋል።

አፉን ገጠመ። ፀሐይዋ በፕላስቲኩ ጣሪያ በኩል ጠንከር ማለት ጀምራለች፤ አራት ሰዓት ሊሆን ነው። ጀርባውን ሰጥቶት በኩሬው ጠርዝ ላይ ወደ መረቡ ገመድ፣ ሳይፈጥንም ሳይዘገይም፣ ሄደ።